ሽንት እየወረደ ኩላሊት እንዴት ይደክማል?

(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ሶፊ፣ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው በለቅሶ ድንኳን ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናት፣ «ሽንቱ እኮ እስከ መጨረሻው ይወርድ ነበር፤ ታዲያ ኩላሊት ነው የገደለው የሚሉት እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም፤ እኔም ዝም አልሁ። ዛሬ የዚያን ጥያቄ መልስ ይዤ ቀርቤአለሁ።

ኩላሊቶቻችን ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ጭብጥ ያህላሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል፣ ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። የኔፍሮን ራስ እንደ ክር የተጠቀለሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ደም በግፊት ሲገባበት ውሃው፣ ጨው፣ ስኳሩና ቆሻሻው ሾልኮ ያልፋል፤ የደም ሕዋሳትና ፕሮቲን ግን ትልልቅ ስለሆኑ በወንፊት ላይ እንደሚቀር እህል ይቀራሉ።

በዚህ ዓይነት በ24 ሰዓት የሚጣራው ፈሳሽ 180 ሊትር ይደርሳል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 9 ጀሪካን ማለት ነው! የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ለውሃ የተሰለፈ የሐረር ሰው 9 ጀሪካን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ቢፈስማ አንድ ቀን ባላደርን ነበር።

ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? ከኔፍሮኑ ራስ ቀጥሎ ያለው ጠመዝማዛ ቱቦ መልሶ ይወስደዋል። ጓዳዋን የምታጸዳ ሴት ዕቃውን ሁሉ ደጅ አውጥታ የሚጠቅመውን እየመረጠች እንደምትመልሰው ነው። ከውሃው ከ100 እጅ 99 ያህሉ፣ የጤነኛ ሰው ስኳርም በሞላ ጎደል ወደ ደም ይመለሳል። ቆሻሻው ከቀሪው ውሃ ጋር ይወርዳል፤ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነው ሽንት ይኸው ነው። ውሃ ሲጎድለን ደግሞ ከአንጎል የሚመጣ ሆርሞን ቱቦውን «ውሃውን መልስ» ይለዋል፤ በፀሐይ ስንውል ሽንታችን የሚያንሰውና የሚደምቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለብዙ ዓመት ሲቆዩ እነዚያን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻሉ። የሞተ ኔፍሮን አይተካም፤ የቀሩት የሟቹን ድርሻ ተሸክመው ይሠራሉ። እድርስ እንዲህ አይደል? ሆኖም ሸክሙ ሲበዛ እነርሱም በተራቸው ይደክማሉ። ሕመም ሳይሰማ ብዙው ያልቃል። ውሃው መውረዱን ላያቆም ይችላል፣ እንዲያውም ሌሊት ሌሊት ይበዛል፤ ቆሻሻው ግን በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሽንት መውረዱ ብቻ የኩላሊት ጤና ምስክር አይሆንም።

በአገራችን ኩላሊት የመተካት ሕክምና በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኩላሊቱን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ከሶፊ መንገዱም ሩቅ ነው። የሚቀርበን ሌላ ነው፦ ግፊትንና ስኳርን መለካት፣ ፕሮቲን እንዳለበት ሽንትን ማስመርመር፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለማዘውተር።

ወገኖቼ፣ እድርም እንበለው አፎቻ፣ የተሰባሰብነው ለመቅበር ብቻ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ መዋጮ ስንከፍል ጎረቤታችንን «ግፊትዎን ተለኩ ወይ?» ብለን እንጠይቅ።