ዘግይቶ የሚደርስ ፎቶግራፍ፦ የራያ ቆላና የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራ



ንግግሬን ከዋጃ እጀምራለሁ። ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከደሴ ወደ መቐለ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፤ በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አላማጣን አልፎ የግራካሱን ጥምዝምዝ ዳገት ሲጨርስ ኮረም ይደርሳል። በዚህ መንገድ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ብዙ ካሜራ አልፎበታል። የዛሬው ጥያቄዬ ስለሚያልፈው ካሜራና ስለሚቀረው ካሜራ ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ተላለፈ። የሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ። አንድ ፊልም ይህን ያህል እህል፣ ገንዘብና ሕዝብ ያንቀሳቀሰበት ሌላ ጊዜ ማግኘት ይቸግራል።

አሚን ለሙያው የከፈለውን ዋጋ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ገና በወጣትነቱ በዳሬሰላም ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ የዜና ፎቶግራፍም ፊልምም በአንድ ትከሻ ተሸክሞ አፍሪካን ዞረ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ሞተ። አሚን ግን በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምሰነዝረው ትችት በሰውየው ላይ እንዳልሆነ ተረዱልኝ።

ትችቴ በቀኑ ላይ ነው። ጥቅምት 1977 ዘግይቷል። ከዚያ ከአንድ ወር በፊት የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ተከብሮ ነበር፤ የበዓሉ ዝግጅት እስኪያልፍ ድረስም የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ፈቃድ ተከልክለው ቆይተዋል። ፈቃድ መጠበቅ፣ መኪና መፈለግ፣ ኬላ ላይ መቆም፣ ይህ ሁሉ የፎቶግራፍ አንሺው የሥራ ሰዓት ነው። መዝጊያው የሚከፈትበት ቅጽበት ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም የሆነው ይኸው ነው። በ1965 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አምጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ በኩራት እንጠቅሰዋለን፤ መጥቀሳችንም ተገቢ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ምስሉ ሥልጣን ለማውረድ አገለገለ። በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ግን፣ ለዚህ ታገለግላላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋጃ እንመለስ። የራያ ቆላ ዋና ሰብል ማሽላ ነው። ረጅም ጊዜ ወስዶ የሚደርሰው ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ያ ቀዳሚ ዝናብ ሲቀር ገበሬው ፈጥኖ ወደሚደርስ ዝርያ ይዞራል፤ እርሱም ካልተሳካ በሐምሌ ማሳውን እንደገና አርሶ ጤፍ ይዘራበታል። ይህ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። የማሽላ አገዳ የከብት መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ ለቤትና ለአጥርም ይሆናል። ጤፉ ቢያዝ እንኳ ጭድ እንጂ አገዳ አይገኝም። አገዳ የሌለው ቤት በበጋ በሬውን ምን ያበላዋል?

በነሐሴ ወር ከመኪና ወርዶ ይህን ማሳ የሚያነሣ እንግዳ ያማረ ልምላሜ ይዞ ይሄዳል። የአገሩ ፎቶግራፍ አንሺ ግን እዚያው ቦታ ቆሞ፣ ያንኑ አረንጓዴ እያየ፣ ማሽላ መሆን የነበረበት መሬት ጤፍ መልበሱን ያውቃል። ያ ፎቶግራፍ የጉዳት ፎቶግራፍ ነው። የከሳ ፊት በካሜራ ፊት ከመታየቱ ከወራት በፊት የተነሣ ማስረጃ ነው። ችግሩ ምስሉ ብቻውን ይህን አለመናገሩ ነው። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፤ ያን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ደግሞ በሚያዝያም እዚያ መገኘት ያስፈልጋል።

ጎርፉም እንዲሁ ነው። በቆላው ሰማይ ላይ ደመና ሳይኖር በደጋው የዘነበው በወንዞቹ ይወርዳል፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። በጠራ ሰማይ ሥር ረግረግ የሆነ ማሳ ያየ የአዲስ አበባ አዘጋጅ አደጋ ደረሰ ብሎ አርእስት ሊሰጠው ይችላል። ገበሬው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀው ያደረ ሲሳዩ ነው።

ስለ ፎቶ መግለጫ ካነሣን ስለ ስምም እንነጋገር። በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች በመቐለ አካባቢ ሞት አፋፍ ላይ የነበረች ሕፃን ቀረጹ፤ ምስሏ በላይቭ ኤይድ ታየ። ሚሊዮኖች ፊቷን አወቁት፤ ስሟን ግን አላወቁም። ብርሃን ወልዱ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን መድረክ ላይ በስሟ ተጠርታ ቆመች። በመካከሉ 20 ዓመት አለ። ከዚያ ዘመን ፎቶግራፎች በብዛት የምናገኛቸው ግን እስከ ዛሬ «ተረጂ»፣ «እናትና ልጅ»፣ «ኮረም» ከሚል ቃል በቀር ምንም የላቸውም። ስም መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። በእርግጥ ጠያቂው ቋንቋውን ማወቅ አለበት፤ ወይም የሚያውቅ ሰው አብሮት መኖር አለበት።

የክፍለ ሀገር ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ይህ ችግር የለበትም፤ ያለበት ሌላ ነው። ሳምንቱ በስብሰባ ያልቃል። መድረክ፣ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ የተሰለፉ ኃላፊዎች፣ ሪባንና መቀስ፤ ጋዜጦቻችንን አገላብጡና ከገበሬው ማሳ ይልቅ ስንት አዳራሽ እንደምታገኙ ቁጠሩ። በትንንሽ ከተሞች ደግሞ ካሜራ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ባለ ፎቶ ቤት ነው፤ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያነሣል፣ ሠርግ ይቀርጻል፣ ለቅሶ ላይም ይጠራል። አንዳንዶች ይህን ዝቅ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን የሰውን ስም፣ የአባቱን ስምና የመንደሩን ስም በአንድ ደብተር መዝግቦ የያዘ ባለ ፎቶ ቤት ከብዙ ዘጋቢ የተሻለ ማኅደር አለው ባይ ነኝ። ደግሞም ያነሣውን ሰው በሚቀጥለው ገበያ ያገኘዋል። «ያን ዕለት ያነሣኸኝ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባለበት ከተማ ሰውን አዋርዶ ማንሣት ቀላል አይደለም።

ይህ ማኅደር ግን የሚጠብቀው የለውም። ነጋቲቭ በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ካርቶኑ ይጣላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦና አካባቢዋ የጦር ሜዳ ሲሆኑ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። የዚያ ጊዜ ምስል ያለው በሰዎች ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ከሰው ወደ ሰው ሲላክም ቀኑና ቦታው ይረግፋል። ከዚያ በኋላ የማን ሐዘን እንደሆነ ሁሉም እንደፈለገ ይጽፍበታል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ለተግባር ትምህርት ለምትወጡ ተማሪዎች የምሰጠው ሥራ አንድ ማሳ ነው። በዋጃ ዙሪያ ይሁን በሌላ ቦታ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴ፣ በኅዳርና በየካቲት ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱት። በየጊዜው ምን እንደተዘራ፣ ከብቶቹ ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደነገራችሁና ስሙ እንዲጻፍ መፍቀዱን መዝግቡ። አንድ ቅጂ አሳትማችሁ ለባለቤቱ ስጡ። ሁለተኛው ከነመግለጫው በትምህርት ክፍሉ መዝገብ ይቀመጣል፤ መደርደሪያውን አስለቅቄያለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።