የባሕር ገንዳ በቤተ ሙከራችን፦ ምን ይገዛ? ምን ይቅር?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን የዚህ በዓል መታሰቢያ የሚሆን አንድ ነገር በቤተ ሙከራው ለማቆም አስቦ ከአባላቱና ከወላጆች መዋጮ ሰብስቧል። ምን ይሁን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ብዙዎቻችን «የባሕር ገንዳ ይሁን» አልን። ይኸውም አኳሪየም የሚባለው፣ በጨው ውሃ ተሞልቶ ቀለማም ዓሣዎችና ኮራል የሚኖሩበት የመስተዋት ገንዳ ነው። ምክንያታችን ግልጽ ነው። ከሰንበቴ ልጆች መካከል ባሕርን በዓይኑ ያየ እጅግ ጥቂት ነው። አገራችንም ኤርትራ ነጻነቷን ካወጀችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቀይ ባሕር ግን ከዚህ ከቆላው ወዲያ፣ ከአፋር ምድር ባሻገር ነው። ባሕሩን ወደ እኛ እናምጣው የሚለው አሳብ ልብ ይነካል። ነገር ግን የተዋጣው ገንዘብ የእኛ ብቻ ስላልሆነ፣ በምን ላይ ሊወጣ እንደታሰበ ለባለቤቶቹ ማስረዳት ይገባናል።

አስቀድመን ስለ ኮራል ጥቂት እንበል። በዐረብኛ መርጃን የሚሉት ነው። ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ብዙው ዐይነት ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ እንደ ድንጋይ ያለ አጥንት ይሠራል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠግተው ይኖራሉ፤ እነርሱም በብርሃን ኀይል ምግብ ይሠሩለታል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅበት አልጌዎቹን ይተፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት ይሞታል። ከመሣሪያዎቹ አብዛኞቹ የሚያስፈልጉት ለዚሁ ጠባዩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተጠየቅነው ስለ ጨው ነው። «በእሑድ ገበያችን ጨው ሞልቶ ሳለ ጨውን ከውጭ አገር መግዛት ምን የሚሉት ነው?» ያሉን ወላጆች አሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ እኛም ራሳችን አንሥተነው ነበር። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 86 ያህሉ ሶዲየምና ክሎሪን ነው፤ ይህን የገበያችንም ጨው ይሰጠናል። የቀረው ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት በዚህ በቀረው ውስጥ ነው። ስለዚህ በገበያ ጨው የተሠራ ውሃ ለምላስ ባሕር ይመስል ይሆናል፤ ለኮራሉ ግን ባሕር አይሆንለትም። ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው መግዛት ግድ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ 100 ሊትር ውሃ ለመጀመሪያው ሙሌት 3 ኪሎ ተኩል ጨው ይፈልጋል። በየሳምንቱ 10 ሊትር ብንቀይርለት 350 ግራም፣ በዓመት ከ18 ኪሎ በላይ ይሆናል። ገንዳው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጨው ግን በየዓመቱ ነው። ይህን ወጪ ከወዲሁ ያላሰበ ክበብ በሁለተኛው ዓመት ባዶ መስተዋት ይዞ ይቀራል።

ጨው በአፍዴራ እንዴት እንደሚመረት የሰማችሁ ሌላውንም ነገር ትረዱታላችሁ። እዚያ የሐይቁ ውሃ በፀሐይ ተንኖ ሲሄድ ጨው ይቀራል። በገንዳችንም እንደዚሁ ነው። የጎደለውን በጨው ውሃ የሞላ ሰው ጨው በጨው ላይ ይጨምራል፤ መሙላት የሚገባው ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ዝናብ ይበቃል እንዳይባል፣ የቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ነው፤ ዚንክና መዳብም ለኮራል መርዝ ናቸው። የውሃ ማጣሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። የጨውን መጠን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር የሚባለው መሣሪያም ከቶ ሊቀር አይገባም። ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርገውበት ወደ ብርሃን አቅንተው የሚያዩበት ነው። ተንሳፋፊው መለኪያ ይረክሳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ እኛ አንመርጠውም።

ገንዘብ መቆጠብ የሚቻለው በገንዳው ላይ ነው። ከኬሚሴ ወይም ከኮምቦልቻ መስተዋት ቆራጭ ዘንድ ሊሠራልን ይችላል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እስከ አፉ 112 ሊትር ይይዛል። የውሃው ክብደት ብቻ ከኩንታል ይበልጣልና፣ ለመስኮት የሚያገለግለው ቀጭን መስተዋት አይችለውም፤ የቤተ ሙከራው ጠረጴዛም አይሸከመውም። ከብረት የተበየደ ጽኑ መቆሚያ ያሻዋል። ማጣበቂያው ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ መድኀኒት ያልገባበት መሆኑን ጠይቆ መግዛት ነው።

መብራቱ ላይ ግን መቆጠብ አይቻልም። ክፍል ውስጥ የምንሰቅለው አምፑል ለኮራሉ አልጌዎች አይበቃቸውም፤ ለዚሁ የተሠራው ሰማያዊና ነጭ ብርሃን ያለው ኤል ኢ ዲ ደግሞ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ውድ ከሚባሉት ነው። አረፋ እያስነሣ ቆሻሻ የሚለየው መሣሪያ ውሃው በየሳምንቱ በትጋት ከተቀየረ በትንሽ ገንዳ ሊቀር ይችላል። ውሃውን እንደ ባሕር ሞገድ የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ አይቀርም። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ እስኪረቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓሣ አይገባም። የምናየው ውሃና ድንጋይ ብቻ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከወዲሁ እንዳይሰለቹ እናሳስባለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ለባሕሩ ገንዳ የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አገራችን ቆላ ነው፤ በበጋ ቀን ችግራችን ማሞቅ ሳይሆን ማብረድ ነው። ማራገቢያ በውሃው ላይ ቢነፍስበት በትነቱ ጥቂት ያበርደዋል፤ ይህም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን እያነሰ ስለሚሄድ፣ በደጋ ብዙ ሰዓት የሚታገሥ ዓሣ እዚህ አይታገሥም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መግዛት ይቻላል። ታዲያ መብራቱ በእኩለ ሌሊት ቢጠፋ ፓምፑን ማን ያስነሣዋል? ዘበኛው ግቢውን ይጠብቅ ወይስ ዓሣውን? ደግሞስ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ተማሪውም ወደየቀበሌው ሄዶ ለእርሻ ወላጆቹን ይረዳል። እነዚያን ሁለት ወር ውሃውን በየሳምንቱ የሚቀይረው፣ ጨዉን የሚለካው ማን ነው? ኮራሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ድንጋያማዎቹ ኮራሎች በዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚጠበቁ ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር አይሻገሩም። ያን ያህል ደክመን ያመጣነውን እንስሳ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት ብንገድለው ለመዋጮው ባለቤቶች ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በዘንድሮው ገንዘብ ለባሕሩም ለወንዙም የሚያገለግሉት ይገዙ፤ ይኸውም ገንዳው፣ መቆሚያው፣ ፓምፑ፣ የባትሪው አየር ፓምፕ፣ ቴርሞሜትሩና የአሞኒያ መመርመሪያው ናቸው። ውድ የሆነው መብራት፣ ሪፍራክቶሜትሩ፣ ማጣሪያውና ጨው ይቆዩ፤ ገንዘባቸውም በክበቡ ሒሳብ ይቀመጥ። ገንዳው የመጀመሪያውን ዓመት በወንዝ ውሃ ይጀምር፤ የወንዝ ዓሣም ይግባበት። በአዋሽ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ ሊቃውንት ጋራ የሚሉት ትንሽ ዓሣ አለ፤ ከአገጩ በታች መምጠጫ ስላለው ጎርፍ እንዳይወስደው በድንጋይ ላይ ይለጠፋል። ከብቶቻችንን ስናጠጣ ባጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈናል፤ አገጩን ገልብጦ ያየ ግን ከመካከላችን ስንት ነው?

ከክበባችን አባላት «ይህ ባሕሩን መተው ነው» ብለው የተቃወሙን አሉ። ቅሬታቸውን እናከብራለን፤ ባሕርን የማየት ናፍቆቱ የእኛም ነው። ነገር ግን አንድ በጋና አንድ ክረምት የወንዝ ዓሣ ሳይሞትብን ካለፍን፣ መብራት ስንት ጊዜና ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ውሃው በቀትር ስንት ዲግሪ እንደደረሰ በመዝገብ ይኖረናል። የባሕሩን ጨው መግዛት ይቻል እንደ ሆነ ያን መዝገብ አይተው የሚወስኑት የሚመጣው ዓመት አባላት ናቸው።

ለጊዜው የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ከወላጆቻችን መካከል ብረት የሚበይድ ቢኖር ለመቆሚያው ሥራ ከክበቡ ተጠሪ መምህር ጋር ይነጋገርልን። በክረምት ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የምትቀሩ ተማሪዎች ደግሞ ስማችሁን ለተረኛነት አስመዝግቡ፤ እስካሁን የተመዘገቡት አራት ናቸው፤ ለሁለት ወር ቢያንስ ስምንት ያስፈልጉናል።