ምረቃ ምርቃት ነው

(በትምህርት ዓመቱ መዝጊያና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መሰናበቻ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት የክፍሌ ጓደኞች በእነርሱ ስም እንድናገር ስለ መረጡኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ለመናገር ስዘጋጅ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ጥያቄውም «ለመሆኑ ዛሬ የምናከብረው ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ይህን የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስን እንላለን እንጂ ብሔራዊውን ፈተና ገና አልተቀመጥንም። ውጤቱም የሚሰማው ክረምቱ አልፎ ነው። የፈተናው ነገር እንዴት እንደ ሆነ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው ተማሪ ከመቶ እጅ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ነበረ። ቍጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ቢሆንም በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ያሰበበት አልደረሰም። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው።

እንግዲህ አንድ አስተዋይ ሰው «ልጆች፣ ሳታልፉ የምን ምረቃ ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባችሁ» ቢለን ምን እንመልስለታለን? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናቴ ነው።

እናቴ የምትኖረው በሰቆጣ ነው። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። የምትናገረው ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ አማርኛም ለገበያና ለእንግዳ የሚበቃ ያህል ታውቃለች። ለዛሬው ቀን ልጠራት ስልክ የደወልሁ ጊዜ በመካከላችን ይህን የመሰለ ንግግር ተደረገ።

«ልጄ፣ ትምህርትህን ጨረስህ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ፤ ትልቁ ፈተና ይቀረኛል» አልኋት።

«ታዲያ ሳትጨርስ ለምን ትጠራኛለህ?»

እኔም የምመልሰው ባጣ «ምረቃ ስላለ ነው» አልሁ። ምረቃ የሚለውን ቃል ግን በአማርኛ ነበር ያልሁት፤ እርሷም ምርቃት ብላ ሰማችው።

«እንግዲያስ እመጣለሁ» አለችኝ። «ሰው የሚመረቀው ሊሄድ ሲነሣ ነው። ከተመለሰማ በኋላ ምን ምርቃት ያስፈልገዋል?»

እናቴ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጕዛ መጥታ ይኸው አሁን በመካከላችሁ ተቀምጣለች።

ቃሉን ያልሰማችው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ባስበው ግን ከእኔ ይልቅ በደኅና የሰማችው እርሷ ናት። በቋንቋችን ምረቃና ምርቃት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ተመረቀ ማለት በሽማግሌ፣ በአባትና በእናት አፍ መልካም ተመኙለት ማለት ነው። በአገራችን ልማድ ነጋዴ ሲነሣ ይመረቃል፤ ሙሽሮች ጎጆ ሲወጡ ይመረቃሉ፤ ገበሬም ዘር ይዞ ሲወጣ ይመረቃል። ከነዚህ አንዱም ገና ያተረፈው የለም። የሚመረቁት ገና ስላላገኙ ነው። እንደዚህ ከሆነ የዛሬው በዓላችን ሐሰት አይደለም። ሐሰት የሚሆነው ምርቃቱን እንደ ድል የቈጠርነው እንደ ሆነ ነው።

ስለ መምህራኖቻችንም አንድ ነገር ላስታውስ። በሐረር የልጅ ተፈሪ መኰንን መምህር የነበሩት አባ ሳሙኤል ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባቸው በሰጠመች ጊዜ አባ ሳሙኤል ከሌሎች ጋር ሞቱ፤ ያስተማሯቸው ደጃዝማች ተፈሪ ግን ተረፉ። ያ ከውኃው የተረፈው ተማሪ በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈተ፤ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ዘውድ ጫነ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእርሱ ዘመን ተቋቋመ። ኮሌጁንም እንዲመሩ የተጠሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን መምህራን ነበሩ። አባ ሳሙኤል ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላዩም። መምህር የሚዘራውን ያውቃል እንጂ የሚታጨደውን ሁልጊዜ አያይም። ስለዚህ መምህራኖቻችን ሆይ፣ ውጤታችን ከመሰማቱ በፊት ዛሬ እናመሰግናችኋለን። ምስጋናችን በነጥብ የሚለካ እንዳይሆን ይህ ጊዜ የተሻለው ነው።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚያሳፍረኝን ነገር እናገራለሁ።

እኔ የክፍላችን የምረቃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ኮሚቴው ለካባ ኪራይ፣ ለፎቶግራፍና ለምሳ የሚሆን መዋጮ ወሰነ። ጊዜው ሲደርስ አብዛኞቹ ከፈሉ፤ ጥቂቶች ግን ዘገዩ። እኔም ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ አንድ ቀን ጠዋት ያልከፈሉትን ሰዎች ስም በጥቍር ሰሌዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። ከነዚያ አንዱ በማግሥቱ ከትምህርት ቀረ፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ብጠይቀው ታምሜ ነው አለኝ። በሽታው ምን እንደ ሆነ ግን እኔም እርሱም እናውቅ ነበር።

ወደ ማደሪያዬ ስመለስ የራሴን ነገር አሰብሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ሰባተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ሰውም ወደየአቅጣጫው ተበተነ። እኔ አጎቴ እጄን ይዞ ስላወጣኝ፣ የዚህ ትምህርት ቤት አባቶችም ያለ ክፍያ ስለ ተቀበሉኝ ተማርሁ። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የሌላቸውን ሰዎች ስም በሰሌዳ የሚጽፍ ቢኖር ኖሮ የእኔ ስም ከሁሉ በላይ በተጻፈ ነበር። በሰቆጣ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ወደ ትምህርት አልተመለሰም፤ ዛሬ ፍየል ይጠብቃል። በአእምሮ ከእኔ አያንስም ነበር፤ እንዲያውም ሒሳብ ያስረዳኝ የነበረው እርሱ ነው። በእኔና በእርሱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ አጎት ብቻ ነው።

በማግሥቱ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ዛሬም በወላጆች ፊት ደግሜ እጠይቃለሁ። እርሱም ይቅር ብሎኛል። ክፍሉም ተሰብስቦ ረዥም ክርክር አደረገ። አንዳንዶቹ «በዕድሜ አንድ ቀን ነው፤ ካባውስ ለምን ይቅርብን?» አሉ። ሐሳባቸውም የሚናቅ አልነበረም፤ በካባ የተነሡትን ፎቶግራፍ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚጓጉ ወላጆች አሉና። በመጨረሻ ግን በድምፅ ብልጫ ካባው እንዲቀር ተወሰነ። እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ዛሬ በየዕለቱ የትምህርት ቤት ልብሳችን የቆምነው ካባ የሚያከራይ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሆነን እንድትመርቁን ብለን ነው።

ስለ ትውልድ አገሬ ስለ ዋግ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ዋግ የጥንት ስም ያላት አገር ናት። ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. የነገሡ የዚያ አገር ልጅ ናቸው። በጠላት ወረራ ዘመን በአርበኝነት የወደቁት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም የዚያው ቤት ልጅ ናቸው። ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ይሳለሙበታል። የዋግ ማርና የአበርገሌ ፍየልም በየገበያው የታወቁ ናቸው።

ነገር ግን በዚህ ዘመን የሰቆጣ ስም በመላው ኢትዮጵያ የሚጠራው በሌላ ምክንያት ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት መቀንጨራቸው እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲቀር ቃል ገባ። ይህም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። እኔ በመጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ቅር አለኝ፤ «ለምን ከተማችን በረኃብ ስም ትጠራለች?» አልሁ። ዛሬ ግን ሌላ አስባለሁ። የተጠራችው በረኃብ ስም ሳይሆን በቃል ኪዳን ስም ነው። ቃል ኪዳን ደግሞ ከመፈጸሙ በፊት የሚገባ ነገር ነው። ያልተፈጸመ ቃል ኪዳን ውሸት አይባልም፤ ዕዳ ነው እንጂ። እስኪከፈልም ድረስ ባለዕዳውን ያስጨንቀዋል።

የእኛም ምረቃ እንዲሁ ነው። ዛሬ ምርቃት ተቀብለን ዕዳ ይዘን እንወጣለን። ዕዳውም ለወላጆቻችን፣ ለመምህራኖቻችን፣ አጎት ላላገኙትም እኩዮቻችን ነው።

ዕዳውን ከዛሬ ጀምረን እንከፍል ዘንድ ክፍላችን የወሰነውንና ኮሚቴው አደራ ያለኝን ማስታወቂያዎች በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

አንደኛ፤ ለካባ ተብሎ ከተዋጣው ገንዘብ የተረፈው በሙሉ ለሚመጣው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የማጣቀሻና የመለማመጃ መጻሕፍት እንዲገዛበት ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣል። የሒሳቡ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ጊዜ የሚለጠፈው የገንዘቡ ሒሳብ ብቻ ነው፤ የሰው ስም አይኖርበትም።

ሁለተኛ፤ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳችሁትን መጻሕፍት ወደ ፈተና ከመሄዳችሁ በፊት መልሱ። ከእኛ በኋላ የሚያነብ አለ።

ሦስተኛ፤ እሑድ ጠዋት የምስጋና ቅዳሴ ይደረጋል። የኦርቶዶክስና የእስልምና ተከታይ የሆናችሁ ጓደኞቻችን በየጸሎት ቤታችሁ ስለ እኛ ጸልዩልን፤ እኛም ስለ እናንተ እንጸልያለን።

አራተኛ፤ ወደ ፈተናው ግቢ ስትሄዱ የመፈተኛ ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን አትርሱ። ስልክ ይዞ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እናንተም ወላጆች ልጆቻችሁ በነዚያ ቀናት ባይደውሉላችሁ አትሥጉ።

አምስተኛ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የማታ ጥናቱን ሰዓት ከእኛ እንድትረከቡ እንለምናለን። ከእናንተ መካከል የቸገረው ሲኖር ለብቻ ጠርታችሁ ጠይቁት፤ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ውጤት በተሰማ በሳምንቱ እሑድ ሁላችንም በዚህ ግቢ በዋርካው ሥር እንገናኛለን። ሁላችንም ስል ያለፈውም የወደቀውም ማለቴ ነው። ያለፈ ሰው ማለፉን ብቻ ሊያወራ አይምጣ፤ የወደቀም አፍሮ አይቅር። ያለፈው ላላለፈው ደብተሩን ያውሰዋል፤ በግል ተፈታኝነት እንደ ገና ለመቀመጥ ለሚዘጋጀው ወዳጁ ጊዜ ባለው መጠን ያስረዳዋል። ይህን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ቃል ገብተናል። ወላጆቻችን ምስክር ሁኑን።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከመካከላችን ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በዚያን ቀን ከዋርካው ሥር አንድ ሰው እንኳ አፍሮ ቢቀር ወደቅን የምንባለው ሁላችንም ነን። ሁላችን ከተገኘን ግን መምህራኖቻችን ያስተማሩን ከንቱ አልቀረም።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን፣ ንግግሬን ፈጽሜአለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተነሥታችሁ መርቁን። በአማርኛ የምትመርቁ በአማርኛ፣ በትግርኛም በኦሮምኛም የምትመርቁ በየቋንቋችሁ መርቁን። እናቴ ደግሞ በኽምጣና ትመርቀናለች። ትርጕሙን ከእኔ በቀር የሚሰማው ባይኖር እንኳ ሁላችሁም አሜን በሉ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ። ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር።