የጎተቱትን ማቆም



ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ የተነገረ ንግግር ነው። በጆሮአችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን ደግሞ በዓይናችሁ አንብቡት። ከገባችሁ በኋላ ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

የዛሬው ጉዳያችን ትራክተር ነው። ስለ ማረስ አይደለም የምንነጋገረው፤ ስለ መጎተት ነው። ተሳቢን ወይም ማረሻን ከትንሽ ትራክተር ጋር እንዴት እናያይዛለን? እንዴትስ አድርገን በሰላም ቤታችን እንገባለን?

በበሬ ያረሰ ሰው ማያያዝ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ምራን ነው። ምራኑ ካረጀ ገበሬ በሬዎቹን አይጠምድም፤ አስቀድሞ ምራን ይለውጣል። ትራክተርም የራሱ ምራን አለው። እሱም ከኋላው ዝቅ ብሎ ያለው የመጎተቻ ብረትና በቀዳዳው የሚገባው ፒን ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የበሬ ምራን ቢበጠስ ሥራ ይፈታል። የትራክተር ፒን ቢሰበር ግን ሰው ሊሞት ይችላል።

እስቲ አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ቦታው አርሲ ውስጥ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ስንዴ የሚሰበሰብበት ጊዜ። አንድ ትንሽ ትራክተር 40 ኩንታል ስንዴ የጫነ ተሳቢ ጎትቶ ሊነሣ ነው። በጆንያዎቹ ላይ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል። እኔና ባለ እህሉ በእግራችን ልንከተል ቆመናል። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በመጎተቻው ቀዳዳ የገባው ፒን አይደለም። የቤት መሥሪያ ፌሮ ቁራጭ ነው። ባለ እህሉም አይቶታል።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ይበቃል?» አለው ሾፌሩን።

«አያስቡ ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ» አለ ሾፌሩ።

እኔ ዝም አልኩ። ከእኔ ይልቅ ሾፌሩ ያውቃል ብዬ ነው።

ትራክተሩ ዳገቱን ያለ ችግር ወጣ። ጣጣው የመጣው ወደ ድልድዩ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ተሳቢው ትራክተሩን ከኋላ ይገፋው ጀመር። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። በዚያ ንቅናቄ ፌሮው ጎበጠና ተሰበረ። የተሳቢው የፊት ዘንግ መሬት ላይ ተተከለ፤ ተሳቢውም በጎኑ ተገለበጠ። አንዱ ወጣት ዘሎ አመለጠ። የሌላው እግር በጆንያ ሥር ተሰበረ። ሕይወቱ ተርፏል፤ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። እኔም ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ውድ አንባቢዎች፣ ጥፋቱ የፌሮው ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። አንድ ትልቅ ነገር ተረስቷል። ትራክተር ለመጎተት ብርቱ ነው። ለማቆም ግን ያን ያህል ብርቱ አይደለም። ስለዚህ «ይጎትተዋል ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ያቆመዋል ወይ?» በሉ።

ስንት እንጫን?

እዚህ ላይ የተማራችሁት ሂሳብ ይጠቅማችኋል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። 40 ኩንታል 4000 ኪሎ ይሆናል። ባዶው ተሳቢ 1000 ኪሎ ቢመዝን፣ በድምሩ 5000 ኪሎ ነው። ትራክተሩ ራሱ ግን 2000 ኪሎ ቢሆንስ? የሚገፋው ከሚያቆመው ከእጥፍ በላይ ከበደ ማለት ነው።

ጥሩው ደንብ ይኸውላችሁ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ተሳቢውና ጭነቱ ተደምረው ከትራክተሩ ክብደት አይብለጡ። ትራክተሩ 2000 ኪሎ፣ ባዶው ተሳቢ 1000 ኪሎ ከሆነ፣ የሚጫነው 1000 ኪሎ ነው። ይህም 10 ኩንታል ነው። መንገዱ ቁልቁለት ወይም ጭቃ ከሆነ ከዚያም ቀንሱ።

«ታዲያ 40 ኩንታል ለማጋዝ አራት ጊዜ ልንመላለስ ነው? ናፍጣው አይጎዳንም?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ናፍጣ ውድ ነው። ግን የተገለበጠ ተሳቢ፣ የፈሰሰ ስንዴና የተሰበረ እግር ስንት ያወጣል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም?

አጫጫኑም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ጭነቱ ከጎማው ወደ ፊት በጥቂቱ ያዘንብል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ፣ የትራክተሩን ጀርባ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ የኋላ ጎማዎቹ መሬት በደንብ አይዙም። ወደ ፊት ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ የትራክተሩ አፍንጫ ይቀላል፤ መሪው አይታዘዝም።

የት ላይ እንሰር?

ተሳቢን፣ ግንድን ወይም ጭቃ የያዘውን መኪና ስትጎትቱ የምታስሩት ዝቅ ባለው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አትሰሩ። ለምን?

የኋላ ጎማው ተቀርቅሮ አልዞር አለ እንበል። ሞተሩ ግን መግፋቱን አላቆመም። ጎማው ካልዞረ ትራክተሩ ራሱ በጎማው ላይ ይዞራል። አፍንጫውን ያነሣና ወደ ኋላ በሾፌሩ ላይ ይወድቃል። ሊመለስ ወደማይችልበት ደረጃ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ሰው ከዚያ በፊት መዝለል አይችልም። ሰንሰለቱ ከፍ ብሎ ከታሰረ ይህ አደጋ ይብሳል።

ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ይህን አደጋ ለመቀነስ ብዙ ደክሟል። እሱ የሠራው ባለ ሦስት ክንድ ማያያዣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 የፈጠራ መብት አግኝቷል። ማሲ ፈርጉሰን የሚባለው ትራክተር ስሙን ያገኘው በከፊል ከእሱ ነው። ዛሬ በብዙ ትራክተሮች ጀርባ ሁለት ክንዶች ከታች፣ አንድ ክንድ ከላይ ታያላችሁ። ማረሻ በሦስቱም ክንዶች ላይ ሲታሰር፣ የላይኛው ክንድ የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫነዋል። ስለዚህ ሦስቱ ክንዶች ማረሻን ለመሰለ መሣሪያ ናቸው። በላይኛው ክንድ ላይ ሰንሰለት አስሮ መጎተት ግን አደጋን መጥራት ነው።

ብዙ ትራክተር ከሾፌሩ ጀርባ ወይም በላዩ ጠንካራ የብረት መከላከያ አለው። ስዊድን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ አዲስ ትራክተር ያለዚህ መከላከያ እንዳይሸጥ በሕግ ደነገገች፤ ከዚያ በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው በእጅጉ ቀነሰ። እናንተም «ዛፍ ይነካብኛል» ብላችሁ አትፍቱት። መከላከያ ባለው ትራክተር ላይ ስትቀመጡ ቀበቶውን እሰሩ።

እንዴት እናያይዝ?

አንደኛ፣ ተሳቢው ሜዳ ላይ ይቁም። ጎማው እንዳይንሸራተት ድንጋይ ይደረግበት።

ሁለተኛ፣ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ማንም በመሐል አይቁም። ረዳቱ ሾፌሩ በሚያየው ጎን ይቁም። ሾፌሩ ቆሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ «ግባ» ካለው በኋላ ብቻ ይግባ።

ሦስተኛ፣ ፒኑ ለቀዳዳው ልክ የሆነ፣ ያልጎበጠ፣ ያልተበላ ይሁን። ፌሮ፣ ቡሎን ወይም የመፍቻ እጀታ ፒን አይደለም። ፒኑ ከገባ በኋላ ዘሎ እንዳይወጣ ጫፉ ላይ መቆለፊያው ይግባበት።

አራተኛ፣ ከፒኑ ሌላ ትራክተሩንና ተሳቢውን የሚያያይዝ ጠንካራ ሰንሰለት ይኑር። ፒኑ ከድቶ ቢወጣ ሰንሰለቱ ተሳቢውን ይይዘዋል።

ቁልቁለት ላይ

ከመውረዳችሁ በፊት፣ ገና ከአፋፉ ላይ፣ ከባዱን ማርሽ አስገቡ። መውረድ ከጀመራችሁ በኋላ ማርሽ ልለውጥ አትበሉ። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ተሳቢውን መያዙን ይተዋል።

ትራክተር ለግራና ለቀኝ ጎማ ለየብቻ የሆኑ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች አሉት። እርሻ ላይ ለመጠምዘዝ ይጠቅማሉ። መንገድ ላይ ግን ሁለቱን በመቆለፊያቸው አያይዟቸው። አንዱን ብቻ ብትረግጡ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፤ ተሳቢውም ከኋላ መጥቶ ይጥለዋል።

ቀስ በሉ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚፈጀው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ3 ሜትር የሚቆም ትራክተር፣ በ20 ኪሎ ሜትር 12 ሜትር ይፈልጋል። ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ይህ 9 ሜትር ነፍስ ነው።

ሰው ይጫን?

አይጫን። በጆንያ ላይ አይጫን፤ በመጎተቻው ብረት ላይ አይቁም፤ በጭቃ መከላከያው ላይ አይቀመጥ። ገበያ ሩቅ መሆኑን፣ ለቀብር መቸኮል እንዳለ አውቃለሁ። ግን ተሳቢው ለእህል ነው የተሠራው። በተለይ ልጆች «አንድ ጊዜ ብቻ» ሲሉ እሺ አትበሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ተሳቢ ያላችሁ ባዶውን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ከሠራው ሰው ጠይቁ። የትራክተሩንም ክብደት ከመጽሐፉ ላይ አንብቡ፤ ወይም ባለቤቱን ጠይቁ። ከዚያ ስንት ኩንታል እንደሚጫን አስሉና በተሳቢው ጎን ላይ በቀለም፣ በትልቅ ፊደል ጻፉት። ጸሐፊው ሌላ ሰው አይሁን። እናንተው ጻፉት። ባለ እህል፣ ረዳት፣ መንገደኛ ሁሉ ያንብበው። ያን ጊዜ እንደ እኔ «ሾፌሩ ያውቃል» ብሎ ዝም የሚል ሰው አይኖርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የትራክተር ምራን ምንድን ነው?
2. ትራክተሩ 1800 ኪሎ፣ ፍሬን የሌለው ባዶ ተሳቢ 800 ኪሎ ቢሆን፣ ስንት ኩንታል ይጫናል?
3. ሰንሰለት ከፍ ባለ ቦታ ማሰር ለምን አደገኛ ሆነ?
4. በአካባቢያችሁ በጣም የሚያስፈራው ቁልቁለት የትኛው ነው? ከባዱን ማርሽ የምታስገቡት የት ስትደርሱ ነው?