ለአንድ ሞተር ሁለት የጭስ መውጫ



አንድ አሮጌ መኪና ሲታደስ ተመልካች አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ አስቀድሞ የሚሰማው ግን የጭስ ማውጫውን ድምፅ ነው። በአሜሪካ የጥንት ፒክ አፖችን በሚያድሱ ሰዎች ዘንድ ከኋላ ግራና ቀኝ የሚወጣ ጥንድ ቧንቧ የጉልበት ምልክት ሆኖ ከቆየ ብዙ ዘመን አልፎታል። ይሁን እንጂ ምልክትና ጉልበት አንድ አይደሉም። የዚህ ንግግር ዓላማ በአንድ በታወቀ መኪና ላይ ነጠላው የጭስ መሥመር ወደ ጥንድ ሲለወጥ ምን እንደሚገኝ፣ በምትኩ ምን እንደሚከፈልና ሥራው በግዴለሽነት ከተሠራ አደጋው ከየት እንደሚመጣ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው የ1956 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነው ፎርድ ኤፍ-100 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፎርድ ኩባንያ በ«ኤፍ» ፊደል የሚጠራውን የጭነት መኪና ዘር በ1948 ሞዴል ጀመረ፤ ኤፍ-100 የሚለው ስም በ1953 ተከተለ። በ1954 ደግሞ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን የነበሩት የቀድሞው ቪ-8 ሞተር ቀርቶ፣ ቫልቮቹ ከላይ በቴስታታው ውስጥ የሆኑለት አዲስ ቪ-8 ገባ። የሞተሩ አካል ከፊት ሲታይ የላቲኑን ዋይ ፊደል ስለሚመስል «ዋይ-ብሎክ» ይባላል። የ1956ቱ ሞተር ይዘት 272 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም 4.5 ሊትር ያህል ነው።

የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ተሰልፈዋል። ከፋብሪካው ሲወጣ የግራው ረድፍ ጭስ ከማኒፎልዱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ በሞተሩ ፊት በሚያልፍ ቧንቧ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ ከዚያም ከቀኙ ረድፍ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ቧንቧና በአንድ ማርሚታ በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። አሠራሩ ርካሽና ቀላል ነው፤ ጭነት ተሸክሞ በዝግታ ለሚሄድ የእርሻና የሱቅ መኪናም በቂ ነበረ። ጥያቄው የሚነሣው ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ነው።

ነገሩን በቁጥር መመርመር ይጠቅማል። ባለ አራት ምት ሞተር ይዘቱን ያህል አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ 4.5 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 9,000 ሊትር ይስባል፤ አሞላሉ 75 ከመቶ ነው ቢባል 6,750 ሊትር ይሆናል። ይህ አየር ተቃጥሎ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲወጣ መጠኑ ወደ 2.6 እጥፍ ያድጋል፤ ይህም በሴኮንድ 293 ሊትር ያህል ነው። የውስጥ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር በሆነ አንድ ቧንቧ ውስጥ ይለፍ ቢባል በሴኮንድ 162 ሜትር መሮጥ ይኖርበታል። ቧንቧው ሁለት ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ወርዶ 81 ሜትር ይሆናል። ግፊት የሚባክነው ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሲጋመስ ብክነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የጥንዱ መሥመር ጥቅም መሠረቱ ይህ ነው።

ይኸው ስሌት የጥቅሙን ወሰንም ያሳያል። መኪናው በከተማ ውስጥ በ1,500 ዙር፣ የነዳጅ መርገጫው በጥቂቱ ብቻ ተረግጦ ሲሄድ፣ በነጠላው ቧንቧ ውስጥ የጭሱ ፍጥነት በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የሚባክነው ግፊት በ4,000 ዙር ከሚባክነው አንድ ሃምሳኛ ያህል ነው። እንግዲህ በዝግታ ለሚነዳ ባለቤት ጥንድ መሥመር ድምፅን እንጂ ጉልበትን አይጨምርለትም። ጥቅሙ የሚታየው በዳገት፣ በከባድ ጭነትና መርገጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በሆነበት ስፍራ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ክብደቱ ስለሚቀንስ የሚተፋውም ይቀንሳል፤ የሚገኘው ጥቅምም በዚያው መጠን ያንሳል።

እዚህ ላይ በጋራዦች ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ መታረም አለበት። «ሞተር ጥቂት የኋላ ግፊት ያስፈልገዋል» ይባላል። የኋላ ግፊት ለሞተር ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የጭሱ ፍጥነት ነው፤ ከአንዱ ሲሊንደር በፍጥነት የሚወጣ ጭስ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ትቶ የቀረውን ጭስ ይስባልና። ያለ ልክ የሰፋ ቧንቧ የተገጠመለት ሞተር በዝቅተኛ ዙር የሚደክመው የኋላ ግፊት ጎድሎት ሳይሆን ጭሱ ፍጥነት አጥቶ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሞተር በየጎኑ የውጭ ስፋቱ ሁለት ኢንች የሆነ ቧንቧ ይበቃዋል፤ ሁለት ተኩል ኢንች ማስገባት ለታይታ ካልሆነ በቀር ምክንያት የለውም።

ሌላው ጉዳይ የፍንዳታው ቅደም ተከተል ነው። የዋይ-ብሎክ ሲሊንደሮች የሚፈነዱት 1-5-4-8-6-3-7-2 በሚል ተራ ነው፤ ከ1 እስከ 4 ያሉት በቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት በግራ ናቸው። በሞተሩ ላይ ፍንዳታ በየ90 ዲግሪው በእኩል ርቀት ይመጣል። በአንድ ረድፍ ብቻ ሲታይ ግን እኩልነቱ ይጠፋል፤ በግራ በኩል 8ና 6 ተከታትለው ይፈነዳሉ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ 2ና 1 እንዲሁ። በየረድፉ በፍንዳታዎች መካከል ያለው ርቀት አንዴ 90፣ አንዴ 180፣ አንዴ 270 ዲግሪ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ሞተር የሚንጎደጎድ ድምፅ ምንጩ ይኸው አለመመጣጠን ነው። ሁለቱ መሥመሮች ፈጽሞ ከተለያዩ ተከታትለው የሚፈነዱት ሁለት ሲሊንደሮች በአንድ ቧንቧ ይጨናነቃሉ፤ ሌላው ቧንቧ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። ስለዚህ ከማርሚታዎቹ በፊት ሁለቱን መሥመሮች በአጭር አግዳሚ ቧንቧ ማገናኘት የተለመደ ነው፤ ግፊቱን ያስተካክላል፣ ድምፁንም ያለሰልሳል።

እስከዚህ የተባለው ስለ ሞተሩ ነው። ከባዱ ኃላፊነት ያለው ግን ከሞተሩ ውጭ ነው። በ1956ቱ ኤፍ-100 ላይ ዋናው የፍሬን ሲሊንደር ከሾፌሩ እግር በታች፣ ከሻንሲው ግራ ጎን ጋር ተያይዞ ይገኛል። ነጠላው የጭስ ቧንቧ በቀኝ ስለሚያልፍ ሁለቱ አይገናኙም ነበር። አዲሱ የግራ ቧንቧ ግን በዚሁ ሲሊንደር አጠገብ ያልፋል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በማያንስ ሙቀት ነው፤ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ይህ ወሰን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ በመሥመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨመቅ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። የዚህ መኪና ፍሬን በሁለት ያልተከፈለ አንድ መሥመር ስለሆነ አንዱ ጎማ እንኳ የሚያዝ አይሆንም። በግራ በኩል ቧንቧውን በተቻለ መጠን ማራቅ፣ በመካከሉም በሁለቱም ወገን አየር የሚያልፍበት የብረት ጋሻ ማቆም፣ የፍሬኑንም ዘይት መለወጥ የሥራው አካል እንጂ ጭማሪ አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ የመርዝ ጋዝ ነው። በዚህ ዘመን የተሠራ መኪና ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት የለውም፤ በአሜሪካ ካታሊስት በስፋት የገባው በ1975 ሞዴል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ያለው ቁርኝት ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ ይበልጣል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎች የሾፌሩን ወለል በስተው የሚያልፉ በመሆናቸው ወለሉ ቀዳዳ አለው። ለውበት ተብሎ ከበሩ ሥር የተቆረጠ ቧንቧ ጭሱን የሚተፋው በዚሁ ቀዳዳ አጠገብ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቧንቧዎች ከጭነቱ ሣጥን ጀርባ አልፈው መውጣት አለባቸው፤ የወለሉ ቀዳዳዎችም በጎማ መሸፈን ይኖርባቸዋል። የሣጥኑ ወለል እንጨት፣ የቤንዚኑም ታንክ ከወንበሩ ጀርባ በካቢናው ውስጥ መሆኑ ሌላ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሁለቱም በታች ማርሚታ ያለ ጋሻ መቀመጥ የለበትም።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማሞቂያ ቫልቭ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይህ ቫልቭ ተዘግቶ የጭሱን ከፊል ከካርቡራቶሩ ሥር ባለው መተላለፊያ እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ ቤንዚኑ በደንብ የሚተነው በዚህ ሙቀት ነው። ጥንድ መሥመር ሲገጠም ቫልቩ በአንዱ ጎን ብቻ ይቀመጣል። ፈጽሞ ከወጣ ሞተሩ በብርድ ጠዋት ይንገራገጫል፤ ዝጎ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ካርቡራቶሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ዝገትም ዋጋውን ይጠይቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በነጠላ መሥመር ሙሉው ሙቀት በአንድ ማርሚታ ስለሚያልፍ ውኃው ቶሎ ይተናል፤ በጥንዱ ሙቀቱ ለሁለት ስለሚከፈል ማርሚታዎቹ ለመሞቅ ይዘገያሉ፣ አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪናም ውስጥ ውኃው ተኝቶ ብረቱን ይበላል። አሉሚኒየም የተለበጠበት ወይም የማይዝግ ብረት መምረጥ፣ በማርሚታውም ዝቅተኛ ጫፍ ትንሽ ማንጠባጠቢያ መብሳት ዕድሜውን ያረዝማል። እንዲሁም አራት ሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቧንቧውን ከሻንሲው ጋር በብየዳ ማጣበቅ ብየዳውን ወይም ማኒፎልዱን ማሰንጠቅ ነው፤ በጎማ ማንጠልጠያ መሰቀል ይገባዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይከተላል። መጀመሪያ ይለካል። የሞተሩ የመሳብ ኃይል በቫኪውም መለኪያ ይታያል፤ ዙሩ ወደ 2,500 ከፍ ተደርጎ ሲያዝ ንባቡ ቀስ በቀስ ከወረደ ነባሩ መሥመር ተደፍኗል ማለት ነው፤ ምናልባትም መኪናው የሚያስፈልገው ጥንድ መሥመር ሳይሆን አንድ አዲስ ማርሚታ ነው። ጥንዱ ተገቢ ሆኖ ከተገኘ፣ ወደ ፊት የሚከፈተው የግራ ማኒፎልድ ወደ ታች በሚከፈት ይለወጣል፤ ቧንቧው በቦታው ሳይበየድ በጊዜያዊ ማሰሪያ ይሞከራል፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ የኋላው አክስል በጭነት ወርዶ ይታያል፤ ሞተሩም በጎማ መቀመጫው ላይ ሲወዛወዝ ቧንቧው የሚነካው ነገር አለመኖሩ ይረጋገጣል። ከዚህ በኋላ ብቻ ይበየዳል። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው። በመጨረሻም የካንዴላዎቹ ቀለም ታይቶ የካርቡራቶሩ ድብልቅ ይስተካከላል።

ነባሩ የመሻገሪያ ቧንቧና ማኒፎልድ መጣል የለባቸውም። ሻንሲው ካልተቆረጠና ነባሮቹ ክፍሎች ከተቀመጡ፣ የሚቀጥለው ባለቤት መኪናውን ፋብሪካው እንደ ሠራው ሊመልሰው ይችላል።

በአንድ ማሽን ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ በተለወጠው ክፍል ላይ ብቻ አያበቃም። የጭሱ መሥመር ሲነካ ፍሬኑ፣ ነዳጁ፣ ወለሉና የተሳፋሪው እስትንፋስ አብረው ይነካሉ። ፈረስ ጉልበት የሚጨምር ባለሙያ ብዙ ነው፤ የተከበረ ባለሙያ ግን ከጨመረው ጉልበት ጋር የመጣውን አደጋ ቆጥሮ፣ መኪናው ከጋራዡ ሳይወጣ የሚያስወግደው ነው።