ከቀለም በፊት ግድግዳ
በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ የጭቃ ቤቶችን ልስን ለቀለም ስለ ማዘጋጀት የቀረበ ንግግር



በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የዘመን መለወጫ ሲቃረብ የቤትን ግድግዳ ማሳመር የቆየ ልማድ ነው። አባወራው ከገቢው ቆጥቦ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይገዛል፤ ቀለም ቀቢው ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍናል፤ ቤቱም ለበዓሉ ያምራል። ጥር ሳይገባ ግን ቀለሙ እያበጠ ይላጣል፤ የተደፈነውም ስንጥቅ በዚያው መሥመር ተመልሶ ይታያል። ባለቤቱ ቀለሙን ወይም ቀለም ቀቢውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀለሙ በታች፣ ይኸውም በግድግዳው አዘገጃጀት ላይ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ የበረታ ከተማ ናት። በዚህ አገር ብዙው ቤት የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞለት፣ በጭድ በቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። እርጥብ ሆኖ የቆመ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ጭቃውም በክረምት ውኃ ሲስብ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ደግሞ መሬቱ ራሱ ዋልካ ነውና መሠረቱ ከወቅቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለው ግድግዳ እንደ ድንጋይ ጸንቶ የሚቆም ሳይሆን ከዓመት ዓመት የሚንቀሳቀስ ነው።

ስለዚህ ስንጥቅ ከመደፈኑ በፊት መመርመር ይገባዋል። እንደ መረብ የተሠራጨ ጥቃቅን ስንጥቅ ጭድ ያነሰው ጭቃ ፈጥኖ መድረቁን ያመለክታል። በእንጨቶቹ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ የእንጨቱን መኮማተር ይናገራል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ግን የመሠረት መስጠም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የቀለም ቀቢ ሥራ አይደለም። መንቀሳቀሱን ለማወቅ በስንጥቁ ላይ ወረቀት አግድም ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ይበቃል፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ስንጥቁ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

የቀድሞ ሠዓልያን ይህን ችግር ያቃለሉበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ባሉ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በቀጥታ በልስኑ ላይ አልተሣለም፤ የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ በጨርቁ ላይ ተሣለ እንጂ። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ቡድን የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ ወደ ፓሪስ ሊወስድ የቻለው በጨርቅ ላይ የተሣሉ በመሆናቸው ነው። የታሪኩ ቁጭት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። በሚንቀሳቀስ ግድግዳና በቀለም መካከል ሁለቱን የሚያስማማ ሽፋን ያስፈልጋል።

አሠራሩም የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጣሪያው የሚያፈስ፣ የግድግዳው እግርም የጎርፍ ፍንጣቂ የሚያገኘው ከሆነ ያ ይታረማል። ቀጥሎ ግድግዳው በጣት አንጓ እየተመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ሁሉ ይነሣል። ስንጥቁ በመሮ ሰፋ ተደርጎ አቧራው ይጠረጋል፤ ውኃም ይረጭበታል። መሙያው ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ አሸዋና የደቀቀ ጭድ የገባበት የቦካ ጭቃ ነው። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ግትር ስለሆነ ከጭቃው ጋር አይንቀሳቀስም፤ እርጥበቱንም አፍኖ በመጨረሻ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። ጎድጓዳው ስፍራ በቀጥተኛ ጣውላ እየተለካ በስስ ድርብ ይሞላል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። ስንጥቁ በነበረበት መሥመር ላይ በመጨረሻው ስስ ልስን ውስጥ ሻሽ ቢቀበር የቀድሞዎቹ ሠዓልያን ጨርቅ የሠራውን ሥራ በመጠኑ ይሠራል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ጳጉሜን ግድግዳው የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ የጨረሰበት ወር ነውና የዘይት ቀለም ለመቀባት ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ውኃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ለበዓሉ ቤቱን ማሳመር የፈለገ ሰው ግድግዳው እንዲተነፍስ የሚፈቅደውን ኖራ ቀጠን አድርጎ ደጋግሞ ቢቀባ ይበጀዋል፤ የዘይት ቀለሙን ግን ግድግዳው በደረቀበት በታኅሣሥና በጥር ቢያደርገው ገንዘቡ አይባክንም።

መሐንዲስ ለድልድይና ለፎቅ ዝርዝር ሲያወጣ ለጭቃ ግድግዳ አንድ ገጽ እንኳ ሳይጽፍ ይቀራል። ሆኖም ብዙው ሕዝብ የሚያድረው በዚሁ ግድግዳ ውስጥ ነው። ስለ ጭቃው መቡካት፣ ስለ ጭዱ ልክና ስለ እበቱ ልስን የሚያውቁት እናቶች ዕውቀታቸውን ለልጆቻቸው በእጅ እያሳዩ ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ ልጆቹ ወደ ብሎኬት ቤት ሲሄዱ ግን ዕውቀቱ አብሮ እንዳይቀር ያሠጋል። የማኅበሩ አባላት ከእነዚህ እናቶች ጠይቀው ቢጽፉ፣ የጻፉትንም በሙያቸው ቢመረምሩ፣ ለአንድ ደሀ ቤተሰብ ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም የሚበልጥ ስጦታ ይሆናል።