ጋብቻና አባትነት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው



ዛሬ የምንናገረው ሁላችንም እያወቅነው በየቤታችን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ስለሚነገር ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልጃገረድ ሳታገባ ስትፀንስ ቤተ ዘመድ ስለሚያደርገው ነገር ነው።

በአወቱ መንደራም ሆነ በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች ብዙው ሠርግ የሚደገሰው ቡና ተለቅሞ፤ ተሸጦ፤ ገንዘብ ሲገባ ነው። የፀነሰች ልጅ ነገር ግን ቡናውን አይጠብቅም። ሆዷ ሳይገፋ ሽማግሌ ይላካል፤ ክርስቲያን ከሆኑ በሽማግሌ ፊት ይፈራረማሉ፤ እስላም ከሆኑ ኒካህ ይታሰራል። ሁሉም ሲጣደፍ ልጂቱን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት አይገኝም።

ግፊቱ ከሁለት ወገን መሆኑንም ልብ እንበል። የሴቲቱ ወገን «ስማችንን አታጥፊ፤ አግቢው» ይላታል። የወንዱ ወገን ወይ «ያንተ አይደለም በል» ይለዋል፤ ወይ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ይልከዋል። ሁለቱም የሚጨነቁት ለስም ነው፤ ለሚወለደው ሕፃን ወተት ማን እንደሚገዛ የሚነጋገር ግን ጥቂት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የኦሮሚያም የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ይከተላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ልጅ እኩል መብት እንዲኖረው ደንግጓል። አባት እናቲቱን ሳያገባ «ልጄ ነው» ብሎ ሊቀበል ይችላል፤ እምቢ ቢል ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል።

«ልጁ ዲቃላ ተብሎ ይሰደባል» የሚሉን አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በግድ የተጋቡት ሲለያዩ ልጁ ከስድቡም ከችግሩም አይድንም፤ እናቲቱም ትምህርቷን ጥላ ቀርታለች።

በማስፈራራት የተገኘ ፈቃድ በሕግ አይጸናም። የእናት እንባና የአባት ኩርፊያ ግን በየትኛው አንቀጽ ይዳኛል? ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችንን የምንለምነው ይህን ነው። አስቀድመው የአባትነቱንና የቀለቡን ነገር ይጨርሱ፤ የምታምናት አክስቷ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ ትምህርቷን ትቀጥል፤ ጋብቻው ከወለደች በኋላ ይታሰብ። ከተዋደዱ ያን ጊዜም አይመሽባቸውም።

እኛም ወንዶች ተማሪዎች፤ ከመካከላችን አንዱ አባት ቢሆን፤ በዘመድ ጀርባ አንሸሸግ።